ምንትዋብ ያለችውና እኔ ያሳጠርኩት

ማክሰኞ፣ የካቲት 5

ዛሬ አንዲት ልጅ ከጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። ማመልከቻ የምታጽፍ መስሎኝ ካርቦኑን በሁለት ወረቀት መሃል አስገባሁ። «ጽሑፍ አልፈልግም አባ፣ አፍዎን ነው የምፈልገው» አለች። ሊድያ ትባላለች፤ የጎጃም ልጅ ናት። በመጠለያው ያሉትን ተፈናቃዮች እንድታማክር ተመድባ ነው የመጣችው። ኽምጣንጋ አንድ ቃል አታውቅም። አብዛኞቹ ሴቶች ደግሞ ልባቸውን የሚያወጡት በኽምጣንጋ ነው። አስተርጓሚ ሁኑኝ አለች።

«ምን ብለሽ ነው የምትመክሪያቸው?» አልኳት።

«አልመክርም። እሰማለሁ።»

«ለመስማት ሰው ይቀጠራል?»

የፍርድ ቤቱ ዘበኛ ወንዳወቅ ከወዲያ ሆኖ ሳቀ። «አያ ወልደ ገብርኤል፣ እርስዎማ ቢቀጠሩ በሳምንቱ ያባርሩዎታል!»

እሺ ያልኩት የወንዳወቅ ሳቅ እልህ አስይዞኝ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ ፍርድ ቤት አጥር ሥር ተቀምጬ ማመልከቻ ጽፌያለሁ። አስተማሪ አልነበረኝም። ፊደል የለየሁት ከቀበሌ ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው፤ ሕግ ያወቅሁት ሽፋኑ ከተገነጠለ የፍትሐ ብሔር መጽሐፍ ነው። ሰው እያለቀሰ መጥቶ ግማሽ ቀን ያወራል። እኔ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፦ ምን ይደረግልህ? እሱን ካገኘሁ አንድ ገጽ ይበቃኛል። ሁለት ገጽ የጻፍኩበትን ቀን አላስታውስም።

ለየሻሽወርቅ ነገርኳት። «ደግ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ሚስቴ ንግግር አታበዛም።

ሐሙስ፣ የካቲት 7

ክፍሉ ጠባብ ነው። ሦስት ወንበር አለ፤ ጠረጴዛ የለም። ጠረጴዛ በመሃል ካለ ሰው አይናገርም ትላለች ሊድያ። እኔ ያለ ጠረጴዛ እጄን የት እንደማሳርፈው አላውቅም።

ሕጎቿን ደረደረችልኝ። አይጨምሩ። አይቀንሱ። ሲያለቅሱ አያባብሉ። ዝም ሲሉ ዝም ይበሉ። አንዷ «ደክሞኛል» ካለች እርስዎም «ደክሞኛል» ይበሉ እንጂ «ደክሟታል» አይበሉ። ይህን የመጨረሻውን እምቢ አልኩ። በሴት አፍ «እኔ» አልልም፤ ሽማግሌ ነኝ። ተወችኝ።

መጀመሪያ የገባችው ምንትዋብ የምትባል ከኒሯቅ ወዲያ የመጣች ሴት ናት። ዕድሜዋ ሠላሳ አምስት ቢሆን ነው። በጦርነቱ ጊዜ ሲሸሹ የሰባት ዓመት ልጇ፣ ሰገነት የምትባለው፣ መንገድ ላይ በትኩሳት ሞተችባት። ቄስ አልነበረም፤ መቆፈሪያም አልነበረም። ቁልቁለቱ ላይ ድንጋይ ከምረውባት አለፉ። ሩብ ሰዓት ያህል ተናገረች። እንዲህ ነው ያለችው፦

«ድንጋዩን እኔ ነኝ የደረደርኩት። ትንንሹን ከእግሯ፣ ትልልቁን ከራሷ በኩል። ፊቷ ላይ ማድረጉ አቃተኝ፤ ነጠላዬን አለበስኳትና ሌሎቹ አደረጉት። ከዚያ ሄድን። አሁን ትጠራኛለች። በሕልሜ አይደለም፤ በቀን ነው። ውኃ ስቀዳ ትጠራኛለች።»

እኔ ያስተላለፍኩት፦ «ልጇ በስደት ሞታባታለች፤ ሐዘን ላይ ናት ትላለች።»

ሊድያ ከደብተሯ ቀና አለች። «ያ ሁሉ በዚህ አለቀ?»

«ኽምጣንጋ ረጅም ቋንቋ ነው» አልኳት።

እየቀለድኩ ነበር። እሷ ግን አመነችኝና ወደ ደብተሯ ተመለሰች።

ዓርብ፣ የካቲት 8

ትናንት ለስድስት ሰው አስተረጎምኩ። አንዱም ጥያቄ የለውም። ያወራሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይሄዳሉ። ሊድያ ራሷን እየነቀነቀች ትሰማለች፤ ከዚያ ያሉትን መልሳ ትነግራቸዋለች። ጥሩ ሥራ ነው!

ሐሙስ፣ የካቲት 14

ከሥራ በኋላ ሊድያ በሩን ዘግታ አስቀመጠችኝ። «አምስት ደቂቃ አወራለሁ። እርስዎ ይሰማሉ። ከዚያ የሰሙትን ይነግሩኛል።»

ስለ እናቷ ጀመረች። ብቻቸውን ናቸው፤ ታመዋል፤ እሷ ደግሞ እዚህ ናት። አምስቱ ደቂቃ ሳይሞላ «ለምን ወደዚህ አታመጫትም? ቤት እፈልግልሻለሁ» አልኳት።

ሳቀች። «አባ፣ ቤት ፈልጉልኝ አልኩ?»

«ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?»

«እንዲሰሙኝ ነዋ።»

«ሰማሁሽ እኮ። እናትሽ ታማለች፤ ብቻዋን ናት።»

«ስልክ ሲጮህ የምፈራውን ግን አልሰሙም» አለች። «ሦስት ጊዜ ብዬዎታለሁ።»

ሰምቻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ሰምቻለሁ። ግን ስልክ መፍራት ምን ፍሬ ነገር አለው? ፍሬ ነገሩ የእናትየዋ ሕመም ነው። እንዲህ አስረድቻት ወጣሁ። እልኸኛ ነዎት አለችኝ፤ እውነት ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 21

ምንትዋብ ያንኑ ደገመች። ድንጋዩን፣ ነጠላውን፣ መጠራቱን። «ትጠራኛለች» የሚለውን አራት ጊዜ አለችው። በማመልከቻ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ከተጻፈ ዳኛው ይሰለቻል፤ ሁለተኛውን እሰርዛለሁ። ስለዚህ «ስለ ልጇ ታስባለች» ብዬ አለፍኩ።

መጨረሻ ላይ ግን አዲስ ነገር ተናገረች። «ብሄድላት ይሻላል።»

ይኸው ጥያቄዋ! ሁለት ሳምንት ሙሉ ስፈልገው የነበረ። ልጅቱ ፍትሐት ሳይደረግላት ድንጋይ ሥር ቀርታለች፤ እናትየዋ አጽሟን አንስታ ቤተ ክርስቲያን ልታስቀብር ትፈልጋለች። ሊድያን ሳላስፈቅድ በኽምጣንጋ ጠየቅኋት። «ምን ይደረግልሽ?»

«ምንም» አለች።

አላመንኳትም። ለምንም ብሎ ከሰው ፊት የሚቀመጥ የለም። ታፍራለች እንጂ።

ሊድያ «ምን ተባባላችሁ?» አለች። «አይዞሽ አልኳት» አልኩ።

ሰኞ፣ የካቲት 25

ስለ ቤቴ መጻፍ አልወድም። ዛሬ ግን ከአጥሩ ወዲያ የሻሽወርቅ ለጎረቤት ስታወራ ሰማሁ። «ለእሳቸውማ ምን ይነገራቸዋል? ወረቀት ያወጣሉ» አለች። ጎረቤቷ ሳቀች። እሷ አልሳቀችም።

ነገሩ የልጃችን የተስፋው ነው። ዘመተ፤ አልተመለሰም። አብሮት የነበረ አንድ ሰው ሲወድቅ አየሁት ብሎ ነገራት። ያን ጊዜ የሻሽወርቅ መቀነቷን አጥብቃ ልቅሶ ልትቀመጥ ተነሳች። ከለከልኩ። የመርዶ ደብዳቤ አልመጣም፤ ያ ሰው ደግሞ ወድቆ ሲሞት አይቻለሁ አላለም፤ ሲወድቅ ነው ያለው። ያለ ማስረጃ ሞት የለም፤ ሞት ከሌለ ልቅሶ የለም። ይህን በግልጽ ነገርኳት። ሁለት ጊዜ ልትከራከረኝ ሞከረች፤ ሁለቱንም ጊዜ ያንኑ መለስኩላት።

ከዚያ ወዲህ አንስታው አታውቅም። ተቀብላዋለች። ረግታለች።

ሐሙስ፣ መጋቢት 5

ጾሙ ከገባ አራተኛ ቀን ነው። ደመናው ይመጣና ይሄዳል። በቆላው ከብት እየሞተ ነው ይላሉ።

የምንትዋብን ማመልከቻ ጻፍኩ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከጻፍኩ ቆይቻለሁ። የሟች ስም፣ የሞተችበት ቦታ፣ አጽሟ በክብር ተነስቶ በአቅራቢያው ባለ ቤተ ክርስቲያን እንዲያርፍ፣ ለዚህም ቄስና ተሽከርካሪ እንዲታዘዝላት። አንድ ገጽ።

ሊድያ አነበበችው። «ይህን እሷ ጠይቃለች?»

«ጠይቃለች።»

«እኔ አልሰማሁም።»

«ልጄ፣ ሥራዬ ነው። ሰው የሚፈልገውን እኔ አውቃለሁ።»

ለምንትዋብ አነበብኩላት። ወረቀቱን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው። ከዚያ አውራ ጣቷን ሰጠችኝ። ቀለም አስነክቼ አስፈረምኳት። ጣቷ ቀዝቃዛ ነበር።

ሐሙስ፣ መጋቢት 12

በሩ ላይ እታገኝ አገኘችኝ። የምንትዋብ የመጠለያ ጎረቤት ናት። «ብርድ ልብሷን ሰጠችኝ» አለችኝ። «ጀሪካኗንም። ኧረ ምን ሆና ነው አባ?» ጾም እኮ ነው አልኳት። ድሃም ይመጸውታል፤ የድሃ ምጽዋት ደግሞ የበለጠ ነው። እንዲያውም ደስ አለኝ።

ምንትዋብ ገባች። ፊቷ ታጥቧል። ጸጉሯን ተሠርታለች። «ቀለል ብሎኛል» አለች። ሊድያ ገና ፊቷን ስታይ ፈገግ ብላ ነበር፤ ምን እንዳቀለለላት እንድጠይቅ ነገረችኝ።

ምንትዋብ ያለችው ይህ ነው፦ «ዕቃዬን ሰጥቻለሁ። የቀረኝ የለም። ትጠራኛለች፤ እሺ ብያታለሁ።»

እኔ ያልኩት፦ «ቀለል ብሎኛል ትላለች።»

ሌላውን ያስቀረሁት አውቄ ነው። ሰው በጾም የሰጠውን በባዳ ፊት መዘርዘር ነውር ነው። ለሞተች ልጅ እሺ ማለቷን ደግሞ ሊድያ መዝገብ ላይ ትጽፈዋለች፤ መዝገብ ላይ አእምሮዋ ታመመ ተብሎ ከተጻፈ ማን ያጸዳላታል? መዝገብ ምን እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው። ገመናዋን ሸፈንኩላት።

ሊድያ «ለውጥ አለ» ብላ ጻፈች። ስንወጣ «አባ፣ እርስዎም እየለመዱ ነው» አለችኝ። ምስጋና አልወድም። ግን መንገዱን ሁሉ ሳስበው ነበር።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 17

የማመልከቻው መልስ መጣ። የመንገዱ ሰላም እስኪጣራ ድረስ በትዕግሥት ትጠብቅ ይላል። ማኅተም አለው።

ልነግራት ጠዋት ወደ መጠለያው ሄድኩ። የለችም። «ሳይነጋ ውኃ ልትቀዳ ወጣች» አለች እታገኝ። እመለሳለሁ ብዬ ሄድኩ። መንገድ ላይ ነው ጀሪካን እንደሌላት ትዝ ያለኝ።

ቆምኩ። ጠረጴዛዬ ጋ ሁለት ባለጉዳይ ቀጥሬ ነበር። ወደ ጠረጴዛዬ ሄድኩ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 19

ወንበሯ ባዶ ነው። ሊድያ ሰዓቱ እስኪሞላ ጠበቀቻት። እኔም አብሬ ተቀመጥኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚተረጎም አልነበረም።

ዓርብ፣ መጋቢት 20

ፍለጋ ወጥተዋል። ወንዳወቅም ሄዷል። እኔን ጉልበትዎ አያወጣዎትም አሉኝ።

የት እንደሄደች አውቃለሁ። ነገርኳቸው። «እንዴት አወቁ?» አሉኝ። ቁልቁለቱን ብቻ ደግሜ ነገርኳቸው።

ሰኞ፣ መጋቢት 23

ትናንት አገኟት። ከኒሯቅ ወዲህ ባለው ቁልቁለት፣ ከድንጋዩ አጠገብ። ፍየል ፈልገው የወረዱ ገበሬዎች ናቸው ያዩዋት። ድንጋዩን አልነካችውም። ከጎኑ ተኝታ ነበር አሉ፤ እጇ ከላይ ነበረ። ምግብም የውኃ መያዣም አልነበራትም። በዚህ ሙቀት።

ቄስ መጣ። ሕፃኗንም አወጧት። ሁለቱን በአንድ ቀን በአቅራቢያው ባለ ቤተ ክርስቲያን ቀበሯቸው። አጽሟ በክብር ተነሳ፤ ቄስም መኪናም ታዘዘ። ማመልከቻዬ የጠየቀው አንድ ሳይጎድል ተፈጽሟል።

ሐሙስ፣ መጋቢት 26

ሊድያ ዓይኗ አብጧል። ደብተሩን ከፍታ አሳየችኝ። ከየካቲት ጀምሮ ምንትዋብ ያለችው ተብሎ የተጻፈው ሁሉ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ሐዘን ላይ ናት። ስለ ልጇ ታስባለች። ቀለል ብሎኛል። በእሷ እጅ የተጻፈ የእኔ ጽሑፍ ነው፤ አጭር፣ ንጹሕ።

«አባ ወልደ ገብርኤል፣ እሄዳለሁ የሚል ነገር ተናግራ ነበር? ያልነገሩኝ ነገር አለ?»

«የለም።»

«ምንም?»

«ምንም አልኩሽ።»

ቅዳሜ፣ መጋቢት 28

የለም አልኩ። በሰባ አንድ ዓመቴ። ሐሰተኛ ምስክር በድርቅና ሲምል አይቼ ስንቱን በሕግ አንቀጽ አስደንግጬ እውነት አውጥቻለሁ።

ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ሽማግሌ ስለ ድንበር ነገር አጫወተኝ። ምን ይደረግልህ ልለው ስል አፌ አልታዘዝ አለኝ። እሱ እንደሆነ ማውራቱን ቀጠለ። አልጻፍኩለትም። ተቆጥቶ ሄደ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 4

ምንትዋብ ያለችውን መጻፍ ከጀመርኩ ሦስት ቀን ሆነኝ።

ማስታወስ ይከብደኛል ብዬ ነበር። አልከበደኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት ግማሽ ቀን ሰምቶ አንድ ገጽ መጻፍ የለመደ ሰው፣ የሚጥለውን መጀመሪያ መስማት አለበት። ምንትዋብ ያለችው አንድም አልጠፋኝም። ሳሏም፣ ዝምታዋም። ትንንሹን ከእግሯ፣ ትልልቁን ከራሷ። «ትጠራኛለች» የሚለውን ባለችው ልክ ጻፍኩት፤ አንዱንም አልሰረዝኩ። «እኔ» እያልኩ ነው የጻፍኩት፤ «ትላለች» ብዬ ስጀምር ብዕሩ አልሄድ አለኝ።

ዘጠኝ ገጽ ሆነ።

የሻሽወርቅ ከደጅ ገብታ ወረቀቱን አየች። «የማን ነው?» አለች። «የሞተች ሴት ነው» አልኳት። ጥቂት ቆመች። «ለሞተችዋማ ብዙ ጽፈውላታል» አለችና ወጣች። አንቱ እንዳለችኝ ነው፤ ከተጋባን ጀምሮ አንተ ብላኝ አታውቅም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 10

ለሊድያ ሰጠኋት። ቁጭ ብላ ዘጠኙንም ገጽ አነበበች። መጋቢት 12ን ስታነብ ወደ ኋላ ተመልሳ ደግማ አነበበች። ዕቃዬን ሰጥቻለሁ። እሺ ብያታለሁ።

ከዚያ ዝም አለች። ረጅም ዝምታ ነበር። መሙላት ፈለግሁ፤ ገመናዋን ልሸፍን ብዬ ነው ልላት ነበር፤ አላወቅሁም ልላት ነበር። ዝም ሲሉ ዝም ይበሉ ብላኝ ነበርና ዝም አልኩ።

በመጨረሻ «ይህ ሁሉ ገብቶዎት ነበር» አለች። ሳትቆጣ ነው። «እኔ የተማርኩት ሰው ይህን ያህል እንዲሰማ ለማድረግ ነው። እርስዎ ሳይማሩ ይሰሙ ነበር። ከእኔ ይበልጣሉ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከእንግዲህ እንዳልመጣ ነገረችኝ። ሌላ አስተርጓሚ አለሽ ወይ አልኳት። የለኝም አለች። በሩ ላይ አምስት ሴቶች ተራ ይጠብቁ ነበር። በመካከላቸው አለፍኩ። አንዷ «አባ፣ ዛሬ የለም እንዴ?» አለችኝ። በኽምጣንጋ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 21

የሕማማት ሰኞ። ቤተ ክርስቲያን ዋልኩ። ሰገድኩ። ሌላ የምጽፈው የለም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 30

ትንሣኤ አለፈ። በግም አላረድንም፤ የሻሽወርቅ አያስፈልግም አለች።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ መደቡ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስንት ቀን ስለማመደው የቆየሁትን ነገርኳት። «የተስፋውን ልቅሶ እንቀመጥ። ወረቀት አልጠብቅም።»

አየችኝ። «ዘንድሮ?» አለች። «ያን ጊዜ እንባ ነበረኝ።»

አልተከራከርኩም። እጄን ጉልበቴ ላይ አሳረፍኩ። ፊቴን ወደ እሷ መለስኩ። ሊድያ ያሳየችኝን ሁሉ አደረግሁ። ብዙ ቆየን። ከዚያ ተናገረች፤ በአማርኛ አይደለም፤ በልጅነቷ ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ።

«ልብሱን ሰጠሁት» አለች። «የተስፋውን። ለትንሣኤ ለነዳያን ሰጠሁት። የራሴንም ቀሚስ ሰጠሁ፤ ያንን ሰማያዊውን። ለእኔ ምን ያደርግልኛል ብዬ። ጠዋት ጠዋት አጥሩ ጋ ሲቆም አየዋለሁ። አይገባም። ይቆማል። እኔም ቆሜ አየዋለሁ። እርስዎ ሲወጡ አጠገቡ ነው የሚያልፉት።»

ትንፋሿን ሰበሰበች። ገና ልትቀጥል ነበር። አፏ ተከፍቶ አይቻለሁ።

ብርድ ልብሱ፣ ጀሪካኑ፣ የታጠበው ፊት በአንድ ጊዜ መጡብኝ። ፈራሁ። ስፈራ ያለኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሌላ ጥያቄ አልነበረኝም። ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«ምን ይደረግልሽ?»

አፏ ተዘጋ። ፊቷ እንደ ድሮው ረጋ። ያን መርጋት መቀበል ነው ብዬ ጽፌ ነበር፤ በዚሁ ደብተር።

«ምንም» አለች። ተነስታ ወጣች።

ሐሙስ፣ ግንቦት 1

ጠረጴዛዬን እንዲያነሳው ለወንዳወቅ ላክሁበት። ወንበሬን ብቻ አስመጣሁ። በራችን ሥር አድርጌው ተቀምጫለሁ። ወንዳወቅ ሲያደርስልኝ «አያ፣ እዚህ ባለጉዳይ ይመጣል ብለው ነው?» ብሎ ቀለደ። ሳልስቅለት ስቀር ደንግጦ ሄደ።

የሻሽወርቅ ቤት ውስጥ ናት። ጠርቻት ነበር፤ «ይሥሩ፣ ይጻፉ» አለችኝ። አጥሩን ሳየው ዋልኩ። ለእኔ ባዶ ነው።

የሻሽወርቅ ውኃ የምትቀዳበት ጀሪካን ከበሩ መቃን አጠገብ አለ። ይዛው ከወጣች ትመለሳለች። ዓይኔን ከእሱ አላነሳም።